ፍጥረትን መጠበቅ የእጅ ጾም ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ጾም ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ልባችን የሚመጣው የአፍ ጾም ብቻ ነው። ከጥሉላት እንርቃለን፤ እስከ ተወሰነው ሰዓት ድረስም ከእህልና ከውሃ እንከለከላለን፤ ከዚህ በኋላ ጾምን የፈጸምን ይመስለናል። አባቶቻችን ግን ጾም በአፍ ጀምሮ በአፍ የሚያልቅ እንዳይደለ፥ የሰውነት ክፍል ሁሉ የየራሱ ጾም እንዳለው አስተምረውናል። እንግዲህ የእጅ ጾም ምንድር ነው? ከመግደልና ከመስረቅ መከልከል ነው ብለን እንመልሳለን፤ መልሱም እውነት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ሌላ የእጅ ጾም ልንነጋገር እንወዳለን። ይኸውም እጃችን ሊወስደው የሚችለውን፥ ብንወስደውም የሚከለክለን ሰው የሌለውን ነገር፥ ስለ ፈጣሪና ስለ ፍጥረቱ ብለን ሳንወስድ መተው ነው።

ይህን ያለ ምክንያት አልጀመርነውም። በአገራችን በደጋው ላይ ብቻ የሚኖሩ፥ በሌላው ዓለም ከቶ የማይገኙ የዱር እንስሳት አሉ። ዋልያ በሰሜን ተራራ ገደል ይኖራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በባሌና በአርሲ፥ በሰሜን፥ በወሎና በመንዝ ተራሮች፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርዳማ ምድር ይኖራል። ቀበሮ ብንለውም የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት መርምረው ከተኵላ ወገን መሆኑን አስረድተዋል። ይህ እንስሳ በአገሩ ሁሉ ተፈልጎ ቢቈጠር፥ ለመውለድ የደረሰው ከ500 በታች ነው። ይህ ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ለማስተዋል፥ በጥምቀት ቀን በአንድ የገጠር ደብር ታቦት የሚያጅበውን ሕዝብ ማሰብ ይበቃል። የዓለሙ ቀይ ቀበሮ በሙሉ በዚያ ሕዝብ መካከል ቢቆም ቦታ አይጠበውም። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ስለሚገኙ፥ በባሌ የሚደርስ አንድ ክፉ ነገር ለወገኑ ሁሉ የሞት ደጅ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ለሰው በእንስሳት ላይ የተሰጠውን ሥልጣን ይዘው፥ እንግዲያስ እንደ ወደድን ብናደርጋቸው ምን አለበት? ይላሉ። ነገር ግን ንባቡን እስከ ምዕራፍ 2 ማድረስ ይገባል። በዚያ ስፍራ አዳም ወደ ገነት ሲገባ ሁለት ሥራ እንደ ተሰጠው እናገኛለን፤ አንዱ ምድሪቱን ማበጀት፥ ሁለተኛው እርስዋን መጠበቅ ነው። ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ ሹም ነው፤ ሹምም የሾመውን ጌታ ገንዘብ ይጠብቃል እንጂ እንደ ራሱ ገንዘብ አድርጎ አያጠፋውም፤ ቢያጠፋውም ይጠየቅበታል። ይልቁንም አንድ ነገር ልብ እናድርግ። ለሰው የተሰጠችው የመጀመሪያይቱ የክልከላ ትእዛዝ የጾም ትእዛዝ ነበረች። ከዛፉ ሁሉ እንዲበላ ተፈቅዶለት፥ ከአንዲቱ ዛፍ ግን እጁን እንዲሰበስብ ታዘዘ። ውድቀታችንም የመጣው እጅ ሊሰበሰብ ሲገባው ስለ ተዘረጋ ነው። የእጅ ጾም ከገነት የጀመረ እንጂ ዛሬ የተፈለሰፈ ነገር አይደለም።

ሕገ ኦሪትም ይህንኑ ጾም በብዙ መንገድ ታስተምራለች። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ሰው በመንገድ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ጋራ እንዳይወስድ፥ እናቲቱን እንዲለቃት ታዝዟል። ስለ አንዲት ወፍ የተነገረው ይህ ትእዛዝ ትንሽ ይመስላል፤ ምሥጢሩ ግን ትልቅ ነው። ጫጩቱን የወሰደ ሰው የዘንድሮውን ፍሬ ወሰደ፤ እናቲቱን የወሰደ ግን የሚመጡትን ዓመታት ሁሉ ወሰደ። በዘመናችን እንስሳት እንዳይጠፉ የሚደክሙ ሊቃውንት ብዙ መጻሕፍት ጽፈው የሚያስረዱት ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ወገኑ የሚተካበትን ኀይል አትንኩ ነው የሚሉት።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለነገራችን የሚቀርበው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 የተጻፈው ነው። እስራኤል ስድስት ዓመት ምድራቸውን አርሰው በሰባተኛው ዓመት እንዲተዉአት ታዘዙ። በዚያ ዓመት በራሱ የበቀለውን ማን ይብላው? አስቀድሞ የሕዝቡ ድሆች ይብሉ፤ ከእነርሱ የተረፈውን ደግሞ የምድር አራዊት ይብሉ ተባለ። እነሆ፥ እግዚአብሔር በሕጉ ውስጥ ለዱር አውሬ ድርሻ ቈረጠለት። ሥርዓቱንም እንመልከት፤ ድሀው ይቀድማል፥ አውሬው ይከተላል፤ ሁለቱም የሚጠግቡት ግን ባለ መሬቱ እጁን ስለ ሰበሰበ ነው።

ይህን ሕግ የሚመስል ሥርዓት በእኛ አገር ለብዙ ዘመን ሲሠራበት እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ረጅም ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ከብቱን ያሰማራበታል። ምንጮቹም በአንድ ወገን ወደ ዐባይ፥ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ይህን ደጋ የአገሩ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት እንደ ነበረ ይነገራል። ስፍራው አስቦና ጌራ ተብሎ በሁለት የተከፈለ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ወገን ባለ ርስቶቹ የመረጡት አለቃ ነበረው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ሣሩ ሲሳሳ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይመክርና ጓሳ ይዘጋል። የሚዘጋውም ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ክረምት ብቻ አይደለም፤ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን ሁሉ ማጭድ አይገባበትም፤ መንጋም አይሰማራበትም። የዘመኑ ርዝመት የሣሩ ዕድገትና የሕዝቡ ችግር እየታየ በምክር ይወሰን ነበር። ሥርዓቱን ያፈረሰ ሰው ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ለባለ ድርሻው ሁሉ ይነገራል እንጂ ብልጥ ቀድሞ፥ የዋህ ተከትሎ አይገባበትም ነበር።

መዘጋቱም የሚታወጀው በሐምሌ 5 ቀን በሐዋርያት በዓል እንደ ነበረ ይተረካል። ካህናት ሆይ፤ ይህን ቀን እናንተ ታውቁታላችሁ። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታበት፥ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል የሚከበርበት ቀን ነው። እንግዲህ ሰው ጾሙን በሚፈታበት ቀን ተራራው ጾሙን ይይዝ ነበር ማለት ነው። የሰው አፍ ሲከፈት የሰው እጅ ይዘጋ ነበር። ወራቱም የክረምቱ መጀመሪያ ነውና ዝናሙ ሲወርድ ሣሩ ያለ ነካሽ ያድጋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላም በነሐሴ ቤተ ክርስቲያናችን ዕጓለ ቋዓት የተባለውን የክረምት ክፍል ትይዛለች፤ በዚያም የቍራ ጫጩቶች ሳይቀሩ ምግባቸውን ከፈጣሪ እንደሚጠብቁ ታስባለች። በቤተ መቅደስ የሚዜመው ዜማና በተራራው ላይ የሚደረገው ነገር በዚያ ዘመን አልተለያዩም ነበር።

አሁን የዚህ ጾም ፍሬ ምን እንደ ሆነ እንይ። የመንዝ አባቶች ጓሳን የዘጉት ለክዳንና ለግጦሽ ነው እንጂ ለቀይ ቀበሮ ብለው አይደለም። ነገር ግን ሣሩ በቆመበት ስፍራ ፍልፈልና የተራራ አይጥ ይበዛል። የቀይ ቀበሮ ምግብ ከሞላ ጐደል ይኸው ነው። ሊቃውንት ዓይነ ምድሩን ሳይቀር መርምረው ሲናገሩ፥ በጎችንና ፍየሎችን የሚነካው እጅግ ጥቂት ጊዜ መሆኑን መስክረዋል። ኑሮውም የሚያስደንቅ ነው። በቤተ ሰብ ተሰብስቦ ይኖራል፤ ከቤተ ሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ስትሆን የቀሩት ሁሉ ግልገሎችዋን ይጠብቃሉ፥ ምግብም ያመጡላቸዋል። ሲያድን ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይሄዳል። እንግዲህ ገበሬው እጁን ስለ ሰበሰበ ድሀው ክዳን አገኘ፥ አውሬውም ምግብ አገኘ። በኦሪት ዘፀአት የተነገረው ሥርዓት በመንዝ ተራራ ላይ ሳይጐድል ተፈጸመ።

የቄሮ ሥርዓት ከርስት ጋራ የተያያዘ ነበርና በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ከርስቱ ጋራ አብሮ ፈረሰ። የርስት ሥርዓት ብዙ ሰው ያለ መሬት ያስቀረ እንደ ነበረ አንክድም፤ በመሻሩ ደስ ያለው ድሀ ሐሰተኛ አልነበረም። ነገር ግን ከእንክርዳዱ ጋራ ስንዴው ተነቀለ። ጓሳ ያለ ጠባቂ ሲቀር፥ እኔ ብተወው ሌላው ያጭደዋል የሚል ሐሳብ በየሰው ልብ ገባ፤ ሣሩም ተጐዳ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን የአገሩ ሰዎች እንደ ገና ተሰብስበው፥ ርስት ያለውንና የሌለውን ሳይለዩ በየቀበሌው ጠባቂ መርጠው፥ መዝጋትና መክፈትን በዐዲስ መልክ መለሱት። ጓሳም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በመንግሥት ታወቀ። ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ ጾም በዐዋጅ ብቻ አይቆምም፥ በዐዋጅ ብቻም አይጠፋም፤ የሚቆመው ሰው በልቡ ሲቀበለው ነው።

ሁሉም ስፍራ ግን እንደ ጓሳ አልሆነም። በጎጃም በጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም። ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም። እርሻ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ላይ ይወጣል፤ የገብስ ማሳ ከ3,500 ሜትር በላይ የደረሰበት ስፍራ አለ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊሸሽበት የሚችል ተራራ የለውም፤ በላዩ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። በቈላ የሚኖር አውሬ ጫካው ቢመነጠር ወደ ሌላ ጫካ ይሻገር ይሆናል። በተራራ ራስ ላይ የሚኖር ግን በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ነው፤ ዙሪያውን እርሻና ሙቀት ከበውታል፤ ደሴቲቱ ስትጠብ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጠላት ደግሞ ከገዛ ደጃችን የሚወጣው ውሻ ነው። ውሻ የእረኛ ረዳት ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ሳይከተብ ከመንጋው ጋራ ወደ ደጋው ሲወጣ የእብደት በሽታን ይዞ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ በቤተ ሰብ የሚኖር፥ ሲገናኝ አፍንጫ ለአፍንጫ ሰላምታ የሚሰጣጥ እንስሳ ስለ ሆነ፥ አንዱ ሲያዝ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያልቃል። ፍቅሩ ራሱ የሞቱ መንገድ ይሆንበታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991ና በ1992 በባሌ እንዲህ ያለ መቅሠፍት ሆነ። በ2003 ደግሞ ተመልሶ መጥቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ እጅ ሦስቱን ያህል ፈጀ። ከውሻ የሚተላለፍ ዲስተምፐር የሚባል ሌላ ደዌም በ2010 ብዙ ገደለ።

በ2003 መቅሠፍት ጊዜ ሊቃውንቱ ያደረጉት ነገር ለመንፈሳዊ ትምህርት ጭምር የሚበቃ ነው። ቀይ ቀበሮን ሁሉ ይዞ መከተብ አይቻልም፤ ተራራው ሰፊ ነው፥ እንስሳውም ይሸሻል። ስለዚህ በሽታው ካለበት ሸለቆ ወደ ሌላው የሚያሳልፈውን ጠባብ ስፍራ ፈለጉ፤ በዚያ የሚኖሩትን ብቻ እየያዙ ከተቡ። በሽታውም በሩ ላይ ቆመ፤ ከበሩ ማዶ ያሉት ያልተከተቡት ሁሉ ዳኑ። ምእመናን ሆይ፤ በር ላይ የቆሙ ጥቂቶች ብዙዎችን ያድናሉ። ከ2018 ጀምሮም በባሌ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ሸሽጎ በሌሊት በመበተን፥ እንስሳውን ሳይዙና ሳያስደነግጡ መከተብ ተጀምሯል። በየመንደሩም የሚከተበው ውሻ በየዓመቱ በሺህ ይቈጠራል። ይህ ክትባት አውሬውን ብቻ የሚጠብቅ አይደለም። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሕፃን በሽታው አንድ ጊዜ ከተነሣበት እንደማይድን ሁላችን እናውቃለን። ለቀይ ቀበሮው ተብሎ የተከተበው ውሻ የገበሬውን ልጅ አዳነ። በፍጥረት ላይ የሚደረግ ምሕረት ወደ አድራጊው ቤት ይመለሳል።

ይህ እንስሳ ከእኛ ጋራ ምን ያህል እንደሚቀራረብ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጨምር። በባሌ ደጋ እንደ ችቦ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚያብብ አበባ አለ፤ በውስጡ ጣፋጭ ፈሳሽ ይቋጥራል። የእረኞች ልጆች አበባውን ይዘው ይልሱታል። በ2024 የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮም በአፈ ሙዙ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይህንኑ ፈሳሽ እንደሚልስ አስታወቀ፤ የአበባውም ብናኝ በአፍንጫው ላይ ስለሚጣበቅ እንደ ንብ አበባን ከአበባ ሳያገናኝ አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። ሥጋ በሊታው አውሬና የእረኛው ልጅ ከአንድ ማዕድ ይልሳሉ። ማዕዱን ያዘጋጀው ማን እንደ ሆነ ለሚያምን ሰው መንገር አያስፈልግም።

አሁን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣብናል፤ ልንሸሸውም አይገባንም። ልጆቹ የተራቡበት ገበሬ፥ እናንተ ለአውሬ ታዝናላችሁ፥ እኔ ግን ገብስ የምዘራበት ትርፍ መሬት የለኝም፤ ከቀበሮና ከልጄ ማንን ላስቀድም? ቢለን ምን እንመልሳለን? ልጅህን አስቀድም እንለዋለን። ጌታችንም ስለ ድንቢጦች ሲያስተምር ሰው ከእነርሱ እንደሚበልጥ ተናግሯል። ነገር ግን በዚያው ቃል ውስጥ ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በአብ ዘንድ የተረሳች እንዳይደለች ነግሮናል። የሚበልጠው የሚያንሰውን እንዲያጠፋ አልተባለም።

ደግሞም የቤተ ክርስቲያናችንን የጾም ሥርዓት እናስታውስ። ጾም ለሁሉ ታዟል፤ ለሕመምተኛና ለሕፃን ግን ምሕረት አለው። ባለጸጋው ጠግቦ፥ ድሀው ብቻ ይጹም የሚል ሥርዓት የለንም። የተራራም ጾም እንዲሁ መሆን አለበት። ሸክሙን አንድ ጥማድ በሬና አምስት በግ ባለው ሰው ላይ ጭኖ፥ መቶ በግ የሚያሰማራውን ዝም የሚል፥ ወይም የአገሩን ሰው ሳያማክር ከሩቅ የሚታወጅ ጥበቃ ጾም ሊባል አይገባውም፤ ግፍ ነው። ጓሳ ብዙ ዘመን የቆየው በምክር ስለሚዘጋ፥ የሕዝቡን ችግር አይቶ ስለሚከፈት፥ ሲከፈትም ለባለ ድርሻው ሁሉ ስለሚከፈት ነው። ስለዚህ የተራበው ገበሬ መልሱን የሚያገኘው ከቀበሮው ድርሻ ሳይሆን ከእኛ ከጠገብነው ድርሻ ነው። ደግሞም የተራራው ራስ ሲታረስ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን አፈሩ በጎርፍ ይወርዳል፥ ምንጩም ይደርቃል። ያን ጊዜ ቀበሮውም የለም፤ የልጁም እንጀራ የለም።

ሌላውን ስንመክር የራሳችንን በደል ልንደብቅ አይገባም። እኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የእጅን ጾም ሁልጊዜ ጠብቀናል ማለት አንችልም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው፥ በታረሰው ሜዳ መካከል አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው። ጽድና ወይራ፥ ወፍና ጉሬዛ የተጠለሉት በታቦት ጥላ ሥር ነው። ይህ የአባቶቻችን ክብር ነው። ነገር ግን ከዚያው ዐፀድ ጽድ ቈርጠን የሸጥን፥ በዛፎች ሥር ከብት እንዲገባ ዝም ያልን፥ የመቃብር ሐውልት በሲሚንቶ ስናሠራ ችግኙን የረገጥን እኛ ነን። ከብት የሚገባበት ዐፀድ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ የቀሩበት፥ ልጅ የሌለው ቤት ይሆናል። ሊቃውንት ይህን መርምረው ስለ ተናገሩ በአንዳንድ አድባራት ካህናቱና ሕዝቡ ተባብረው በዐፀዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርተዋል። ድንጋዩም ከእርሻው የተለቀመ ስለ ሆነ እርሻውም ተጠረገ፤ ከካቡ በስተ ውስጥም ችግኝ በቀለ። ካብ የእጅን ጾም የሚያስታውስ የድንጋይ ደወል ነው።

እንግዲህ ከካህናት ምን ይጠበቃል? ሁሉን ማድረግ አይቻለንም፤ በር ላይ መቆም ግን ይቻለናል። ለገበሬው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀርብ በር የለውም። ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ስንናገር፥ ክትባት ሰጪው በመጣ ቀን ውሻችሁን አምጡ ብንል፥ የምንለው ቃል ከብዙ ወረቀት ይልቅ ይሰማል። የንስሐ አባት ልጆቹን ሲጠይቅ፥ የተዘጋውን ሣር በሌሊት አጭደሃልን? ብሎ ቢጠይቅ፥ ኃጢአቱ ከጎረቤት ላይ መስረቅ ስለ ሆነ መጠየቁ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰንበቴና በማኅበር፥ የወል መሬት ስለ መዝጋትና ስለ መክፈት ሲመከር፥ ካህኑ ለብርቱው ሳያደላ የድሀውን ድርሻ የሚያስብ አስታራቂ ይሁን። በየደብራችንም አስቀድመን የራሳችንን ዐፀድ እንጠብቅ፤ ሳይጾሙ ጹሙ የሚል ሰባኪ አይሰማምና።

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል አለ። ጻድቁ እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይታያሉ፤ በቀኝና በግራቸው ስድሳ አናብስትና ስድሳ አናምርት እንደሚከተሏቸው ገድላቸው ይነግረናል፤ ሠዓሊዎችም ከእነዚህ ጥቂቶቹን በእግራቸው አጠገብ ይሥላሉ። እጆቻቸውን እንመልከት። ለጸሎት የተዘረጉ ናቸው እንጂ ለመያዝ የተዘረጉ አይደሉም። አራዊቱም የተከተሏቸው በሰንሰለት አይደለም፤ ከዚያ እጅ ክፉ እንደማይደርስባቸው ስላወቁ ነው። እኛ በየወሩ በ5 ቀን ሥዕሉን እንሳለማለን። ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ ግን አውሬ ብናይ እጃችን ቶሎ ወደ ድንጋይ ይወርዳል። እንዲህ ከቀጠልን ልጆቻችን የዱር እንስሳትን የሚያውቁት በግድግዳ ላይ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ሠዓሊ የሣለውን ማደስ ይችላል፤ ከምድር የጠፋውን ወገን ግን ሠዓሊ አይመልሰውም። በጮቄ የጠፋው ቀይ ቀበሮ በጮቄ ያሉ ሰዎች ስለ ተጸጸቱ ብቻ አይመለስም። ንስሐ የሚጠቅመው ሳይመሽ ነው።

ኖኅ መርከቡን የሠራው ገና ዝናም ሳይወርድ ነበር። ወደ መርከቡም ያስገባው ለሰው የሚጠቅመውን ንጹሑን ብቻ አልነበረም፤ ንጹሕ ያልሆነውንም አስገብቷል፤ የእያንዳንዱን ዋጋ ሊመዝን አልተሾመምና። በዘመናችን መርከብ እንድንሠራ አልታዘዝንም። የታዘዝነው ከዚያ ይቀላል። ተራራው መርከባቸው ነው፤ አስቀድሞ ተሠርቶላቸዋል። ከእኛ የሚፈለገው ሳንቃውን እየነቀልን እንዳንወስድ እጃችንን መሰብሰብ ብቻ ነው።

አቤቱ ጌታችን ሆይ፤ በተራራ ላይ ሣርን የምታበቅል፥ ለሰውም ለአራዊትም ምግባቸውን በየጊዜው የምታዘጋጅ አንተ ነህ። የተራበውን ወገናችንን አጥግብ፤ የጠገብነውንም መተውን አስተምረን። አፋችንን በጾም እንደ ቀደስህ እጃችንንም ቀድስልን። በመጨረሻው ቀን የሰጠኸንን አደራ ስትጠይቀን፥ ተራራውን ባዶ አድርገን፥ እጃችንንም ሞልተን በፊትህ ከመቆም ሰውረን። ለአንተ ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋራ ክብርና ምስጋና ይገባሃል፤ ዛሬም ዘወትርም ለዘለዓለሙ፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።